የእትዬ ትርንጎ ወንፈል

ሐምሌ 11 ቀን ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ተኩል ላይ፣ የመርሳት ሕመም ያለባትን እናቴን አራዳ ገበያ፣ ከጎረቤቴ ከወይዘሮ ሐዋ የጨርቅ መደብር አገኘኋት። እኔ የክረምት ትምህርት ሳስተምር ከቤት ወጥታ ዝናብ መትቷት ነበር። ሐዋ በአባቷ የበግ ጠጉር በርኖስ ጠቅልላታለች።

«ስንት ጊዜ እኔ ዘንድ ትዋል አልሁሽ፣ አንቺ ሴትዮ!» አለችኝ። የእሷም አባት እንደ እናቴ የመርሳት ሕመም አለባቸው። ቢሆንም እንዳይታዘንልኝ ፈርቼ ሁልጊዜ እምቢ እላት ነበር፤ በዚያ ሰሞንም እናቴን ለመጠበቅ ስል ሥራዬን ለመልቀቅ ቆርጬ ነበር።

እናቴን ወደ ደረቴ ሳስጠጋት፣ የረጠበው የበግ ጠጉር ሽታ ልጅነቴን ወዳሳለፍሁበት ወደ አምባ ጊዮርጊስ፣ ወደ ጎረቤታችን ወደ እትዬ ትርንጎ ደጃፍ መለሰኝ።

እትዬ ትርንጎ የባሏን አባት አያ ደሳለኝን ታስታምም ነበር። አያ ደሳለኝ ድሮ የተሸጡ በሬዎቻቸውን ይፈልጋሉ። በርኖሳቸውን ደርበው፣ ጅራፋቸውን ይዘው፣ «በሬዎቼን ማን ፈታቸው?» ይላሉ።

«እኔ ነኝ፣ አያ። ደክሟቸው ነበር፤ እየጋጡ ነው» ትላቸዋለች።

«ሸጋ አደረግሽ» ብለው ይቀመጣሉ።

ጎረቤት ከንፈር ሲመጥላት ግን ፊቷ ይጠቁር ነበር። አንድ ቀን ለእናቴ፣ «ምነው እቴ፣ ወንፈል ለአረምና ለአጨዳ ብቻ ነው ያለው ማነው? ቅዳሜ ገበያ ስውል አያን ጠብቂልኝ፤ ሰኞ ጥጥሽን እፈትልልሻለሁ» አለቻት።

«የምን ጥጥ? እንዲሁ እጠብቃቸዋለሁ።»

«ያልተመለሰ ወንፈል ምጽዋት ነው! እኔ ደግሞ ገና ደጀ ሰላም አልተቀመጥሁም።»

እናቴ ሳቋን መግታት አቃታት። ከዚያ ወዲህ አያ ደሳለኝ ቅዳሜ ቅዳሜ ከእኛ መደብ ላይ ይውሉ ነበር። ሰኞ ደግሞ እትዬ ትርንጎ እንዝርቷን እያሾረች፣ «አያ ትናንት እኮ ሌባ አሉኝ!» ትላለች፤ አንዳንዴ ስቃ፣ አንዳንዴ በነጠላዋ ጫፍ ዓይኗን አብሳ። ስትመጣ ትከሻዋ ጎብጦ፣ ስትሄድ ቀና ብሎ አየው ነበር።

እናቴን አራዳ ባገኘኋት ማግስት ጠዋት፣ ሐዋ መደብሯን ሳትከፍት ደረስሁ። «በማስተምርባቸው ቀናት፣ ማክሰኞና ሐሙስ፣ እናቴ አንቺ ዘንድ ትዋል። ቅዳሜና እሑድ አባትሽ እኔ ዘንድ ይዋሉ።»

«ተይ እንጂ፣ ለዚህ ደግሞ ብድር…»

«ወንፈል ነው፣ ሐዋ። አለዚያ አላመጣትም።»

ጥቂት አየችኝና ሳቀች። «አባቴ ዛሬም መደብር ቆሞ የሚሸጥ ነው የሚመስለው። ጨርቅ ሳትገዢ አይለቅሽም።»

«እገዛላቸዋለሁ» አልኋት። ከቅዳሜ ልንጀምር ተስማማን፤ ሥራዬንም ላልለቅ ወሰንሁ።