የማማው ሽቦ

ሊይዙኝ ሲመጡ አንድ ሙሽራ ከአስፋልቱ ማዶ አቁሜ ስፒከር እያስመረጥኩት ነበር። ቆቦ ውስጥ ሬዲዮና ስፒከር የምሸጥበት ሱቅ አለኝ፤ ልማዴ ደግሞ ይኼ ነው። ገዢን ሱቅ ውስጥ አላስመርጥም። ሱቅ ጠባብ ነው፤ ግድግዳው ድምፁን ያግዘዋል፣ የማይረባውም ዕቃ ጀግና ይመስላል። ስለዚህ ስፒከሩን በሬ ላይ አስቀምጥና ገዢውን "ተሻገርና ከዚያ ሆነህ ስማ" እለዋለሁ። ባጃጁና የጭነት መኪናው በመሃል እያለፈ የሰው ንግግር ጥርት ብሎ ከደረሰው ይግዛ፤ ካልደረሰው እኔም አልሸጥለትም። ሙሽራው እጁን ከጆሮው ጀርባ አድርጎ ሲያዳምጥ ከኋላው መኪና ቆመ። እሱን ፈልገው የመጡ መስሎኝ ደንግጬለት ነበር።

ከመኪናው የወረዱት ሰዎች ግን አስፋልቱን ተሻግረው ወደ እኔ መጡ። በመደርደሪያው ላይ ያለውን ሬዲዮና ስፒከር ሁሉ ማዳበሪያ ከረጢት ውስጥ መክተት ጀመሩ። እንዳይጋጭ በጨርቅ ልጠቅልለው ብዬ ስጠይቅ አንደኛው "አንተ ለራስህ አስብ" አለኝ። ምን አጠፋሁ ብዬ አልጠየቅኩም። በዚያ ሰሞን እኛ አገር ብዙ ሰው ይያዝ ነበር፤ ምክንያቱን የጠየቀም መልስ ያገኘ አልነበረም። መኪናው ሲነሳ ሙሽራው እዚያው ማዶ እንደቆመ ነበር፤ እጁ ገና ከጆሮው አልወረደም።

የወሰዱኝ ከከተማው ዳር ወዳለ የእህል መጋዘን ነው። ጣሪያውም ግድግዳውም ቆርቆሮ ነው። የራያን ቆላ የሚያውቅ ሰው እኩለ ቀን ላይ እዚያ ውስጥ መቀመጥ ምን እንደሆነ ልነግረው አያስፈልግም። ወለሉ የከረመ ማሽላና የነቀዝ መድኃኒት ይሸታል። ውስጡ የታጨቀው ሰው ከጎብዬም፣ ከሮቢትም፣ ከቆቦም የመጣ ነው፤ ሙስሊሙ ለሰላት ሲቆም ክርስቲያኑ ተጠጋግቶ ቦታ ይለቃል። በሩ ከኋላዬ ሲዘጋ ለጊዜው ምንም አልታየኝም። ዓይኔ ጨለማውን ሲለምድ ከግድግዳው ሥር አንድ የማውቃቸው ሽማግሌ አየሁ።

ከዋጃ ወዲህ ማሽላ የሚያርሱ ገበሬ ናቸው። ሬዲዮ የገዙት ከእኔ ነው። በንግድ ዕድሜዬ እንደሳቸው ያደከመኝ ገዢ የለም፤ እንደሳቸው ያኮራኝም የለም። ዘፈን ስከፍትላቸው ዝጋው አሉኝ። ዘፈን በሁሉም ላይ ያምራል፣ ሰው ሲያወራ አሰማኝ አሉ። አስፋልቱን መሻገር አልበቃቸው ብሎ እስከ ደረቁ ወንዝ ሄደው አዳመጡ። ሬዲዮውን የሚፈልጉት ማሽላው እሸት ሲይዝ ነው። ያን ጊዜ የራያ ገበሬ እርሻው መሃል ከተተከለው ማማ ላይ አይወርድም፤ ሬዲዮው ከማማው ላይ ተሰቅሎ ቀኑን ሙሉ ካወራ ጦጣውና ከርከሮው ሰው ያለ እየመሰለው አይጠጋም። ሽማግሌው የሚፈልጉት ንግግሩ እስከ እርሻው ዳር ሳይደበዝዝ የሚደርስ ሬዲዮ ነበር። በመጨረሻ የመረጡት ቀለሙ የተፋቀ፣ ሁሉም አይቶ ያለፈውን አሮጌ ባለ ማዞሪያ ነው። እኔም ብሆን የምመርጠው እሱን ነበር።

በእሳቸው በኩል ጣቢያው እየደከመ ያስቸግራል። ስለዚህ አንቴናውን የሚያግዝ ቀጭን የመዳብ ሽቦ መረቅኩላቸው። ሰንበት ላይ ደግሞ እስከ እርሻቸው ሄጄ ሽቦውን ከማማው ጫፍ እስከ ግራሩ ድረስ በገዛ እጄ ዘረጋሁላቸው። እሸት ጠብሰው አበሉኝ። አመሻሽ ላይ ስመለስ የሬዲዮው ድምፅ እስከ መኪናው መንገድ ድረስ ሸኘኝ።

እንግዲህ እኚህን ሰው መጋዘኑ ውስጥ ሳይ ደስ ብሎኝ ተጠጋሁና ሰላም አልኳቸው። ቀና ብለው አዩኝ። "አላወቅሁህም ልጄ" አሉና ፊታቸውን ወደ ግድግዳው መለሱ።

ከፋኝ። መታሰሬን ረስቼ በዚህ አኮረፍኩ። ያን ሁሉ ፀሐይ ተቀብዬ፣ ግራር ላይ ወጥቼ፣ እሾኽ እጄን ቧጥጦኝ ሽቦ የዘረጋሁላቸው ሰው እንዴት አላወቅሁህም ይሉኛል ብዬ ጥጌን ይዤ ተቀመጥኩ።

ነገሩን የገለጠልኝ አጠገቤ የነበረው የሮቢት መምህር ነው። ሽማግሌውን ያስያዛቸው ሽቦው ነው አለኝ። ማማው ላይ ሲያብረቀርቅ ከመንገድ ታይቶ፣ መልእክት ማስተላለፊያ ነው ተባለ። በየቀኑ እያስወጡ ሽቦውን የዘረጋልህ ማነው ይሏቸዋል። እሳቸውም መልሳቸው አንድ ነው፦ ማሽላው ሳያበቅለው አይቀርም። "ሲመለሱ ኮንጎ ጫማቸውን በእጃቸው ይዘው ነው" አለ መምህሩ።

እግራቸውን አየሁ፤ ተገርፎ አብጧል። ከዚያ በኋላ ዓይኔን ወዴት እንደማሳርፍ ጠፋኝ። ሰውዬው ያላወቁኝ አውቀውኝ ነው። በመጋዘኑ ውስጥ ማን ለማን ወሬ እንደሚያደርስ አይታወቅም፤ ሰላምታዬን ቢመልሱ የሚፈለገው ሰው ተገኘ ማለት ነው። ቀስ ብዬ ሄጄ አጠገባቸው ተቀመጥኩ። ምግብ ሲገባ ፊታቸውን ሳያዞሩ የዳቧቸውን እኩሌታ ወደ እኔ ገፉት። በላሁት።

በማግስቱ ረፋድ ላይ እኔ ተጠራሁ። ቢሮው ድሮ የእህል ሚዛን የነበረበት ክፍል ነው፤ በአንድ መስኮት ከመጋዘኑ ጋር ይገናኛል። ኃላፊው ወጣት ነው፤ እንቅልፍ ያጣ ይመስላል። ከሱቄ የመጣው ዕቃ ሁሉ ጠረጴዛው ላይ ተዘርግፏል። ከመሃል አንድ መብራቱ የሚብለጨለጭ ትልቅ ስፒከር ዘፈን ያስተጋባል፤ የሻይ ብርጭቆው በጠረጴዛው ላይ ይንቀጠቀጣል። ኃላፊው ከዚህ ሁሉ እሱን እንደወደደው ነገረኝና ምርጫው ልክ መሆኑን ጠየቀኝ።

አዎ ማለት ነበረብኝ። ግን አመል ሆኖብኝ ድምፁን ዝቅ ያድርጉት አልኩት። ዝቅ አደረገው። ዘፋኙ ጠፋ፤ ዱም ዱም የሚለው ቤዝ ብቻ ቀረ። ድምፁ ሲቀነስ ሰውዬው ከጠፋ አይግዙት፣ ባዶ በርሜል ነው ጩኸት የሚያበዛው አልኩት። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው፤ ያልኩትን የሰማሁት ካልኩት በኋላ ነው። እሱ ግን ከንፈሩ ፈገግ አለ፣ ለትንሽ ጊዜም ከሱቄ በር ላይ የቆመ ገዢ መሰለ። ከዚያ ስፒከሩን ዘጋና ከጠረጴዛው ሥር የሽማግሌውን ሬዲዮ አወጣ። ሽቦው ተጠቅልሎ ከጎኑ ታስሯል።

ይኼ እኮ መስሚያ ብቻ ነው ብዬ ላስረዳው ስጀምር አቋረጠኝ። "ሬዲዮ ምን እንደሆነ አውቃለሁ። እኔ የምፈልገው ሽቦውን የዘረጋውን ሰው ነው።"

ቀጥሎ በለሆሳስ ተናገረ። ሬዲዮውን የሸጥኩት እኔ መሆኔን ያውቃሉ። ሽማግሌው መልእክት ማስተላለፊያ ፈልገው ወደ ሱቄ እንደመጡ ብቻ ከተናገርኩ ለምሳ ቤቴ እደርሳለሁ፤ ዕቃዬንም በመኪና ጭነው ያደርሱልኛል። ሚስቴ ምሳ ዕቃ ይዛ ከጠዋት ጀምሮ በሩ ላይ መቆሟን የነገረኝም እሱ ነው። ፈራሁ። የወንበሩን ጀርባ ያዝኩ።

ሽማግሌውን አስመጧቸው። ገና ከመግባታቸው ጫማቸውን አውልቀው በእጃቸው ይዘዋል፤ ምን እንደሚጠብቃቸው ያውቃሉ። ኃላፊው ወደ እኔ እያመለከተ ይህን ሰው ታውቀዋለህ ወይ አላቸው። በአላህ ምለው መዋሸት አይሆንላቸውም፤ ስለዚህ አልማሉም።

"የቆቦን ሰው ሁሉ የት አውቄ" አሉ።

ፍርሃቱ አልለቀቀኝም፤ አፌ ግን ተከፈተ። "ያውቁኛል። ሽቦውን የዘረጋሁት እኔ ነኝ" አልኩ።

ሽማግሌው ጫማቸውን ቁልቁል ተመለከቱ። ኃላፊው ሬዲዮውን ወደ እኔ ገፋና፣ እንዲያ ከሆነ እንዴት እንደዘረጋኸው አሳየኝ አለኝ። ሬዲዮውን ከፈትኩ። የባትሪ ድንጋዩ ገና አላለቀም ነበር። በመጀመሪያ ሹክሹክታ ብቻ ነው። የሽቦውን አንድ ጫፍ በመስኮቱ ብረት ላይ አንጠልጥዬ ሌላውን በአንቴናው ላይ ጠመጠምኩት። ማዞሪያውን ቀስ ብዬ ሳዞረው የአንዲት ሴት ድምፅ ጥርት ብሎ መጣ። ስለ ከብት ክትባት ነበር የምትናገረው።

በመስኮቱ በኩል የሚሰማው የመጋዘኑ ጫጫታ ቀጥ አለ። ያ ሁሉ ሰው ከውጭ ድምፅ ከሰማ ቆይቷል። ኃላፊው ዝጋ አላለኝም፤ እኔም አልዘጋሁትም። ሴትየዋ የጥጃውን ዕድሜ ተናገረች፣ ክትባቱ የሚሰጥበትን ወቅት ተናገረች፣ አንዲት ቃል አልደበዘዘችም። እስከ ሩቁ ጥግ ድረስ ሁሉም ጥርት ብሎ ይሰማ እንደነበር በኋላ መምህሩ ነግሮኛል። እስረኛ መሆኔን አውቃለሁ፤ ግን ውሸት ምን ያደርጋል፣ በዚያች ቅጽበት ኮራሁ። በሬዲዮውም፣ በመረጡት ሽማግሌም፣ በእጄም ኮራሁ።

ኃላፊው እጁን ዘርግቶ ራሱ ዘጋው። ለስንት ሰው እንዲህ ዘርግቻለሁ ብሎ ጠየቀኝ። ወደ እርሻ ይዞ ለሚሄድ ሁሉ አልኩት። ከሮቢት እስከ ዋጃ መኪናቸውን አቁመው ማማውን ቢያዩ ሽቦ የሌለበት ጥቂት ነው አልኩት። ስማቸውን ጥራ አለኝ።

"ሬዲዮ ለሚገዛ ሰው ስሙን አልጠይቀውም። የት እንደሚያስቀምጠው ነው የምጠይቀው" አልኩ።

እውነቴን ነበር፤ ቢገርፉኝም የምጠራው ስም አልነበረኝም። ኃላፊው ሽማግሌውን አየ፣ ሬዲዮውን አየ፣ ዓይኑን በመዳፉ አሸት አድርጎ ሁለቱንም መልሷቸው አለ።

መጋዘን እንደገባን ሽማግሌው ለመጀመሪያ ጊዜ ወደ እኔ ዞሩ። ተቆጥተዋል። "ማን ተናገር አለህ? እኔ ማሽላዬን ልጆቼ ያጭዱታል። ያንተ ልጆች ገና ናቸው" አሉኝ።

"አባቴ፣ ሥራዬን ደበቁብኝ እኮ" አልኳቸው። "እንደዚያ አምሮ የተዘረጋ ሽቦ ማሽላ አበቀለው ሲባል ዝም ብዬ ልስማ?"

መቆጣታቸውን ሊቀጥሉ ፈልገው ነበር። አልሆነላቸውም፤ ሳቁ። ትከሻቸው እስኪርገበገብ ሳቁ፤ መምህሩም ሳቀ፤ ምን እንደሳቅን የማያውቀውም ሰው አብሮን ሳቀ።

በማግስቱ ሽማግሌው ሂድ ተባሉ። ሬዲዮውን መለሱላቸው፣ ሽቦውን ማስረጃ ነው ብለው አስቀሩት። እኛ በበሩ ስንጥቅ እናያለን። ከግቢው መውጫ ከመድረሳቸው በፊት ድንጋይ ላይ ተቀመጡና ጫማቸውን ማጥለቅ ጀመሩ። እግራቸው አብጦ ጫማው አልገባ አለ። ጠባቂው ይዘኸው ሂድ፣ ቶሎ በል አላቸው።

"ጫማ አርጌ ነው የመጣሁ፤ ጫማ አርጌ ነው የምሄድ" አሉት።

ጠባቂው ጠበቃቸው። አንደኛውን አጠለቁ፣ ትንፋሻቸውን ሰበሰቡ፣ ሌላኛውን አጠለቁ። ሬዲዮውን በክንዳቸው ሥር አድርገው ሳያነክሱ ወጡ። እንዳያነክሱ ምን ያህል እንደከፈሉ እግራቸውን ያየን እናውቃለን።

እኔ ማሽላው ታጭዶ እስኪያልቅ እዚያው ቆየሁ። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ እንደያዙኝ ሁሉ ምንም ሳይሉ ለቀቁኝ። ከዕቃዬ ጥቂቱን መለሱልኝ። ያ መብራቱ የሚብለጨለጨው አልተመለሰም፤ ስለሱ ግን አላዘንኩም።

ሱቄን በከፈትኩ በመጀመሪያው የገበያ ቀን ሽማግሌው መጡ። ሬዲዮዋ ደህና ናት፣ ግን ሽቦ ስለሌላት ታጉረመርማለች አሉኝ። ከዚያ ሁሉ በኋላ ለሽቦ ይመጣሉ ብዬ አልጠበቅኩም ነበር። አይፈሩም ወይ ብዬ ጠየቅኳቸው።

"ለከርሞው እሸት ረዘም አርገህ ስጠኝ" አሉ። "የፊተኛው አጥሮ ነበር።"

በክንዴ እየለካሁ ቆረጥኩላቸው። ሰንበት ላይ ሄጄ ራሴ ዘረጋሁት፤ ከመንገድ በደንብ ይታያል።

አሁንም እዚያው ሱቅ ውስጥ ነኝ። ወጣቱ ቤዝ ቤዝ ይላል፤ እኔም አስፋልቱን አሻግሬ ሰው ሲያወራ አሰማዋለሁ፣ ከዚያ በኋላ የወደደውን ይውሰድ። ወደ እርሻ ይዞ ለሚሄድ ግን ሽቦ ሳልመርቅለት አልሸኝም። ጠቅልዬ እጁ ላይ ሳኖርለት ሁልጊዜ አንድ ነገር እነግረዋለሁ። ማን ዘረጋልህ ብለው ከጠየቁህ አትልፋ፣ ቆቦ ያለው ሬዲዮ ሻጭ ነው በላቸው።