ቃሬዛ ተሸካሚዎቹን እንዴት አመሰገንናቸው

ሥራ በጀመርኩ ዕለት መጀመሪያ የታዘዝኩት ሰው ማስወጣት ነው። በጃንሆይ ጊዜ ከወልቂጤ ወዲያ ባለ አንድ ጤና ጣቢያ በረዳት ነርስነት ተመድቤ ነበር። ሻንጣዬን እንኳ ሳልፈታ ቃሬዛ ገባ። አራት ሰዎች ተሸክመውታል፤ ሌሎች ለመቀየር ከኋላ ይከተላሉ። ሁሉም በላብ ርሰዋል። በሽተኛውን አልጋ ላይ እንዳጋደምነው ኃላፊያችን አቶ ክፍሌ፣ «ወርቅነሽ፣ ተሸካሚዎቹን ከግቢ አስወጪልኝ፤ ወለሉን በጭቃ ጨረሱት» አሉኝ። አስወጣኋቸው። የቤቱ ደንብ ይኸው ነበር፤ ከበሽተኛውና ከአንድ ቤተሰቡ በቀር ግቢ ውስጥ ማንም አይቆይም።

የደብረ ብርሃን ልጅ ነኝ። «ይቺ ልጅ ምላሷ አያርፍም» ይሉኝ ነበር፤ እውነታቸውን ነው። የአገሬው ሰው ደግሞ ሲስተር ይለኛል። ሲስተር አይደለሁም፣ ረዳት ነኝ ብል ማን ሰምቶኝ። ሥራዬ ሲሪንጅና መርፌ መቀቀል፣ ቁስል ማጠብ፣ ፋሻ መቀየር፣ ፔኒሲሊን መውጋትና ሲያስፈልግ ማዋለድ ነበር። ከበላዬ አንድ ነርስ አለ፤ ከእሱ በላይ የጤና መኮንኑ አቶ ክፍሌ ናቸው። ከእሳቸው በላይ የሚያስፈልገው በሽተኛ ወደ ሆስፒታል ይላካል።

ያን ጊዜ መኪና የሚገባበት መንገድ ጥቂት ስለነበር በሽተኛ የሚመጣልን በሰው ትከሻ ነው። ቃሬዛው ሁለት ረጃጅም እንጨትና የቃጫ ገመድ ነው። አንዱ መንደር በሽተኛውን ተሸክሞ እስከ ወሰኑ ያደርሳል፤ ቀጣዩ መንደር ይቀበላል፤ እንዲህ እየተቀባበሉ እኛ ዘንድ ያደርሱታል። ዘመድ ይሁን ባዕድ፣ ክርስቲያን ይሁን እስላም አይጠይቁም። የሚያዛቸው የለም፤ የሚከፍላቸውም የለም። የመጨረሻዋ መንደር ከጤና ጣቢያው በላይ ዳገቱ አናት ላይ ነበረች። ከእምድብር በኩል ይምጣ ከአገና፣ በዚያ አቅጣጫ የሚመጣ በሽተኛ ሁሉ በእነዚያ ሰዎች ትከሻ ማለፍ አለበት።

በሁለተኛው ክረምቴ ቃሬዛው ይዘገይ ጀመር። ሌሎቹ መንደሮች እንደ ወትሮው እየተሯሯጡ ያመጣሉ፤ የመጨረሻዋ መንደር ሲደርስ ይቆማል። ሰው ይጠራል፣ ወጣቶቹ አይወጡም። ከድጃ የምትባል አራስ እንዲህ መንገድ ላይ ቆይታ ነው የመጣችው። ቤቷ ወልዳ እንግዴ ልጁ አልወጣ ብሎ ደሟ ሲፈስ መንደር ለመንደር ተቀባብለው ካመጧት በኋላ፣ እኛ ደጃፍ ልትደርስ ስትል ተሸካሚ ጠፍቶ ዝናብ ላይ ተቀመጠች። ስትገባ ከንፈሯ ነጥቶ ነበር። ነርሱና እኔ እንግዴ ልጁን አወጣን፣ ግሉኮስ ሰቀልን፣ ማህፀኗን ስንጫን ቆየን። ተረፈች።  የሚቀጥለዋ ግን እንደማትተርፍ ሁላችንም አውቀነዋል።

አቶ ክፍሌ መጥፎ ሰው አልነበሩም። «ሰው ካልተመሰገነ ይሰንፋል» አሉና ለየተሸካሚው የሚታደል ብርድ ልብስ ከበላይ አስፈቅደው በሳምንቱ አስመጡ። ከግቢው ውጭ ድንኳን ተተከለ። ከአውራጃው የመጡ ሹም ረዘም ያለ ንግግር አደረጉ። ከመንደሩ የመጡት ግን ጥቂት ሽማግሌዎች ነበሩ። ተሸካሚዎቹን የሚያስተባብሩት አቶ ብርጋ ብርድ ልብሱን በሁለት እጃቸው ተቀበሉ፣ እጅ ነሱ፣ ከዚያ በሩ ላይ ወደቆምኩበት ይዘውት መጥተው ለእኔ ሰጡኝ። «ለበሽተኛ ይሁን» አሉ። የቀሩትም ተከትለው እንዲሁ አደረጉ።

አቶ ክፍሌ በጣም ተከፉ። «ምስጋና የማይገባው ሰው አለ፤ ተይው» አሉኝ። እኔ መተው አልችልበትም። ቆሽቴ አሯል፤ የከድጃ ከንፈር ከዓይኔ አልጠፋም። እሑድ ከቅዳሴ መልስ ነጠላዬን አጣፍቼ ዳገቱን ወጣሁ።

አቶ ብርጋን ጀፎረ በሚሉት በሰፊው የመንደር መንገድ ዳር፣ ከዛፍ ሥር ቁጭ ብለው አገኘኋቸው። በርጩማ አስመጡልኝ። ቤተሰቤን ጠየቁ፣ የደብረ ብርሃንን ብርድ ጠየቁ። እኔ ትዕግሥቴ አለቀ።

«አባባ ብርጋ፣ ምን አጠፋን? ብርድ ልብሱ አነሰ?»

«ኧረ ምኑ ያንሳል። ደግ ብርድ ልብስ ነው።»

«ታዲያ ልጆቹ ለምን አይሸከሙም?»

መሬቱን በከዘራቸው ጫር ጫር አደረጉ። «ልጄ፣ አትቆጪኝና፣ እናንተ ዘንድ የሚድን ሰው አለ ወይ?» አሉኝ።

ደሜ ፈላ። «ምን ማለትዎ ነው? ስንት ሰው በእግሩ እየሄደ ይወጣል!»

«በየት በኩል?»

በየት በኩል እንደሚወጣ ልነግራቸው አፌን ከፈትኩና ያንጊዜ ነገሩ ገባኝ። ከሕመም የተነሣ ሰው ዳገት አይወጣም። የዳነው ሁሉ በታች ባለው ሜዳ መንገድ በገበያው ዞሮ፣ ጭነት መኪና ካገኘም ተሳፍሮ ነው አገሩ የሚገባው። በዚህች መንደር አያልፍም።

«እኛ ወደ ታች እናወርዳለን» አሉ አቶ ብርጋ። «ወደ ላይ የምንመልሰው ሬሳ ብቻ ነው። ሬሳ የሚጭን መኪና የለም፤ በእኛው ትከሻ ይመለሳል። የሞተውን እናውቃለን። በቃሬዛ ወርዶ የዳነ አይተን አናውቅም። ልጆቹ ‹ለመቃብር ነው የምንሸከመው› ይሉኛል። ምን ብዬ ልመልስላቸው?»

በርጩማዬን ወደ እሳቸው አስጠጋሁ። «ያቺ አራስ፣ በዝናቡ ያመጣችኋት፣ እሷስ?» አልኳቸው።

«የሷ ሬሳ አልመጣም። በሌላ በኩል ወስደዋት ይሆናል ብለናል።»

አንጀቴን በሉት። ከድጃ በዚያች ሰዓት አልጋዋ ላይ ቁጭ ብላ አጥሚት እየጠጣች ነበር። ነገርኳቸው። «ተመስገን፣ እሺ» አሉ ለእኔ ብለው። እንዳላመኑኝ ግን ፊታቸው ላይ ይታያል። ይምጡና ይዩዋት እንዳልላቸው የበሩ ደንብ አለ።

በማግስቱ አቶ ክፍሌ ቢሮ ገብቼ የሰማሁትን ነገርኳቸው። «የዳነውን ሰው በዳገቱ በኩል እንሸኘው» አልኩ። «የእኛ ሥራ በር ላይ ያበቃል፤ ወጥቶ የትም ቢሄድ አያገባንም» አሉኝ። «እነሱ ካልተሸከሙ እኮ በር ላይ የሚደርስልን በሽተኛ የለም» አልኩ። «ወርቅነሽ፣ ሥራሽን ሥሪ» አሉ። ጆሮ ዳባ ልበስ ብዬ ወጣሁ። እኔ እንደሆንኩ ሥራዬ የቱ እንደሆነ ያን ጊዜ ለይቼዋለሁ።

መጀመሪያ በዳገቱ ውጡ ካልኳቸው በሽተኞች እሺ ያለኝ የለም። አንዱ ጉልበቱን ያሳየኛል፣ ሌላው መኪና ያመልጠኛል ይላል። አልፈርድባቸውም፤ ዳገቱ ጤነኛንም ያስለከልካል። ከድጃ የምትወጣበት ቀን ሲደርስ እሷንም ጠየቅኳት። ልጁን ይዘው በሜዳው መንገድ ተከትለዋት የመጡት አማቷ፣ «አራስ ልጅ ይዛ ዳገት ልትወጣ ነው? አላህ አይወደውም» ብለው ተቆጡኝ። ከድጃ ግን ልጇን እያጠባች፣ «ማን እንደተሸከመኝ አላውቅም፤ ዓይኔ ጨልሞ ነበር። ልያቸው» አለች።

ጥንካሬዋ እስኪመለስ ጥቂት ቀን አቆየናት፤ ነርሱ አይቶ እንዳላየ ሆነልኝ። ከዚያ ወጣን። ልጁን እኔ አዘልኩ፣ አማቷ ክንዷን ያዙ፤ እያረፍን፣ እንሰት ጥላ ሥር እየተቀመጥን ደረስን። ጀፎረው ላይ ወንዶች ተሰብስበው ነበር። ልጁን አውርጄ ሰጠኋት። ከድጃ፣ «አሰላሙ አለይኩም» አለች። መለሱላት። 

«ያመጣችኋት ናት» አልኩ።

ማንም አላወቃትም። ለካ ያን ዕለት ከዝናቡ የተነሣ እስከ ግንባሯ በጋቢ ሸፍነዋት ነበር። አቶ ብርጋ እንኳ ዓይናቸውን ጨፈን ከፈት አድርገው ተመለከቷትና ወደ እኔ ዞሩ። ሰዎቹ እነሱን ለማጽናናት ሌላ ሴት ያመጣሁ ነው የመሰላቸው። ይህን ሁሉ ዳገት በከንቱ አስወጣኋት ብዬ ልቤ ወረደ።

ሽኩር የሚሉት ጎልማሳ ከመሀል ወጣ። ፊቷን አላየም። ጎንበስ ብሎ እግሯን አየ። ቁርጭምጭሚቷ ላይ አሮጌ የእሳት ጠባሳ አላት።

«ቃሬዛውን ከኋላ የያዝኩት እኔ ነኝ» አለ። «መንገዱን ሙሉ ያየሁት ይህን እግር ነው። ናት።» ከዚያ ጋቢውን ፊቱ ላይ ጣል አድርጎ አለቀሰ። እኔም አለቀስኩ፤ ምን እደብቃለሁ።

ከድጃ ልጇን ዘረጋችለት። «ይኸኛውን እንኳ በፊቱ በኩል ያዘው» አለችው። ሰዉ ሁሉ በሳቅ ፈነዳ፤ አማቷ ሳይቀሩ። ሽኩር ልጁን ተቀብሎ አቀፈ። ተራ በተራ ሲያቅፉት ልጁ ከእጅ እጅ እየዞረ እስከ ጀፎረው ጫፍ ደረሰ።

የሚቀጥለው ቃሬዛ ሲመጣ መንደሯ ውስጥ አልቆመም። ከፊት ቃሬዛውን የያዘው ሽኩር ነበር።  ከዚያ ወዲያ አቶ ክፍሌ ጉልበት ያለውን በሽተኛ ሲያሰናብቱ፣ «በዳገቱ በኩል ውጣ፤ ሰላም በላቸው» ማለት ጀመሩ። ሹሙ እንደገና ድንኳን እንትከል ሲሏቸው፣ አያስፈልግም አሏቸው።

ከዚያ በኋላ በብዙ ቦታ ሠርቻለሁ፤ በፈቃዳቸው የሚያግዙ ሰዎች ያልነበሩበት ቦታ የለም። ለሥራ ባልደረቦቼ የምለው አንድ ነገር ነው። በነጻ ለሚደክምላችሁ ሰው ድካሙ የት እንደደረሰ አሳዩት። መንገር አይበቃም፤ በዓይኑ ይይ።