ለማንም የማያወራው ኮምፒዩተር

ታላቅ ወንድሜ መጠጥ ቀምሶ በማያውቅ አፉ፣ ሰክረሃል ተብሎ ከሥራ ወደ ቤት ተላከ። ሥራው ሴንት ፖል መሀል ከተማ፣ አንድ ትልቅ መሥሪያ ቤት ውስጥ፣ ኮምፒዩተር አልሠራ ያላቸውን ሠራተኞች በስልክ መርዳት ነበር። አንዷ ደውላ፣ ችግሯን ፈትቶላት ሲያበቃ፣ "የረዳኝ ሰውዬ አፉ ይተሳሰራል፤ ጠጥቷል መሰለኝ" ብላ ለአለቃው አመለከተች።

እኔ ዉድበሪ ያለው የአረጋውያን መጦሪያ ለከሰዓት ሺፍት ልሄድ ካፖርቴን ስለብስ ገባ።

"ጋሼ፣ ምነው በጊዜ መጣህ?"

"ጠጥተሃል አሉኝ።"

"ጠ" ላይ ምላሱ ተያዘበት። እንደገና ሞከረ፤ እንደገና ተያዘ። ተያየን። ለካ እኔም ስሰማው ከርሜ ኖሯል፤ ድካም ነው እያልኩ ነበር የማልፈው።

የምንኖረው ፍሮግታውን የሚባል ሰፈር ውስጥ፣ አንድ አሮጌ ቤት ፎቅ ላይ ነው። እናትና አባታችን ከሞቱ በኋላ ያሳደገኝ እሱ ነው፤ ወደዚህ አገር ያመጣኝም እሱ። አላገባም። ኮምፒዩተርና ቤተ ክርስቲያን፣ በቃ፣ ኑሮው ይኸው ነበር።

ምርመራው ወራት ፈጀ። በመጨረሻ ሐኪሟ አስቀምጣ ነገረችን። ጡንቻን የሚያዙት ነርቮች እየሞቱ ነው፤ መጀመሪያ ምላስ፣ ከዚያ እጅ፣ ከዚያ እግር፣ ኋላ ትንፋሽ። የሚያድን መድኃኒት የለም። "አእምሮህ ግን ንጹሕ ሆኖ ይቆያል" አለችው፣ ልታጽናናው። እኔ የማይንቀሳቀስ ሰው ገላ እያጠብኩ የምተዳደር ነኝና ከሁሉ የሚከፋው ያ እንደሆነ ወዲያው ገባኝ። ለወንድሜም ገብቶታል።

የንግግር ሕክምና የምትሰጠው ሴት በኢንሹራንሱ በኩል አንድ ታብሌት አስመጣችለት። ታብሌቱ አማርኛ አይችልም። "ድምፅህ ሳይጠፋ የምትፈልገውን ቃል ቅረጽበት፤ በኋላ ስትነካው በራስህ ድምፅ ይናገርልሃል" አለችው። መኝታ ቤቱን ዘግቶ ቀረጸ። ከበሩ ውጭ ሆኜ እሰማዋለሁ። "ውሃ ስጪኝ።" "እግሬን አንሺልኝ።" "እግዚአብሔር ይስጥሽ።" "አይዞሽ።" አንዳንዱን ምላሱ እስኪታዘዝለት ይደጋግመዋል። "አይዞሽ"ን ብዙ ጊዜ ደጋገማት፤ ሁልጊዜ መሀሏ ላይ ይሰበርበታል።

ድምፁ ጨርሶ ሲጠፋ ለጥቂት ጊዜ በዚያ ተነጋገርን። ከዚያ አንድ ቀን ጠዋት ታብሌቱ አፕዴት አድርጎ ተነሣ፤ የቀረጸው ሁሉ የለም። ድምፁ ይቀመጥ የነበረው ታብሌቱ ውስጥ ሳይሆን ኩባንያው ዘንድ ኖሯል፤ ኩባንያው ደግሞ ለሌላ ተሸጧል። ደወልኩ። አንድ ወጣት አነሣ።

"ለደኅንነት ሲባል ከአካውንቱ ባለቤት ጋር መነጋገር አለብኝ" አለ።

"እሱ መናገር አይችልም። የደወልኩት እኮ ለዚሁ ነው።"

"ይገባኛል። ግን ስሙንና የልደት ቀኑን በራሱ አንደበት ማረጋገጥ ይኖርበታል።"

ስልኩን ወንድሜ አፍ ላይ ያዝኩለት። አንገቱ ሥር ያሉት ጅማቶች ተገታተሩ፤ የወጣው ግን ማጓራት ነው። "ሰር፣ አልሰማሁዎትም፤ ይድገሙልኝ" አለ ልጁ። ወንድሜ ደገመ። ልጁ በትሕትና ይቅርታ ጠይቆ ዘጋው። ድምፁን ለማስመለስ ድምፁን ጠየቁት። ሌላም ጊዜ ደወልን፣ ጻፍንም። መልሱ ሲመጣ ቅጂዎቹ ተሰርዘዋል የሚል ነበር።

የቀኝ እጁ ጣቶች ያኔ ገና ይሠሩ ነበር። ስልኩ ላይ ጽፎ አሳየኝ። "ሁለተኛ ሰው ደጅ ላይ አልቆምም። ኮምፒዩተር እንሠራለን። ከላይ እስከ ታች ነፃ የሆነ።"

"በነፃ የሚገኝ ማለትህ ነው?"

ራሱን ግራና ቀኝ ነቀነቀና ቀስ ብሎ ጻፈ። "በነፃ አላልኩም። ነፃ። የፈለገ ከፍቶ የሚያየው፣ የፈለገ የሚያሻሽለው፣ ማንም ተነሥቶ የማይዘጋብኝ።"

ዕቃውን ከዩኒቨርሲቲ አቬኑ፣ አሮጌ ኮምፒዩተር ከሚሸጥ ሱቅ ለቃቀምን። አሮጌ ማዘርቦርድ፣ ሁሉ ነገር የሚሰካበትን ሰሌዳ፣ የመረጠው ሆን ብሎ ነው። አዲሶቹ ውስጥ ባለቤቱ እንኳ ሊያየው የማይችል የተቆለፈ ፕሮግራም አለ፤ አሮጌውን ግን መለወጥ ይቻላል ብሎ ጻፈልኝ። ወጥ ቤት ጠረጴዛ ላይ ዘረጋነው። እጁ የኔ፣ ዓይኑ የሱ ሆነ። ካቻቪቴ ይዤ እጠብቃለሁ፤ እሱ በዓይኑ ብሎኑን ያሳየኛል። ትክክል ስሆን አንዴ ይጨፍናል፤ ስሳሳት ዓይኑን ወደ ጣሪያው ይሰቅላል። ፕሮሰሰሩ ላይ የሚቀባውን ቅባት አብዝቼ ስቀባ ወንድሜ ሳቀ። በሽታው ሳቁን የማያቆመው አድርጎት ነበርና ሳቁ እየረዘመ ሄዶ ወደ ልቅሶ ተለወጠ። ፊቱን ጠርጌለት ቀጠልን።

ከሁሉ የከበደው ማዘርቦርዱ ላይ ያለችው ትንሽ ቺፕ ነበረች። ኮምፒዩተሩ ሲበራ መጀመሪያ የሚነሣው ፕሮግራም የሚኖረው እሷ ውስጥ ነው። ያንን አጥፍቶ ነፃውን ለመጫን እግሮቿን በሽቦ መቆንጠጫ መያዝ ያስፈልጋል፤ ከተሳሳትኩ ሰሌዳው አይነሣም። ስንጨርስ አበራነው፤ ማራገቢያው ዞረ፣ ስክሪኑ ጥቁር ሆኖ ቀረ። "ገደልኩት" አልኩ። ወንድሜ ዓይኑን በደንብ ባልተሰካው የማስታወሻ ካርድ፣ ራሙ ላይ ተከለ። ተጫንኩት፤ ቀጭ ብሎ ገባ። ነጭ ጽሑፍ መጣ።

በዋይፋይ ካርዱ ግን ተጣላን። ቤት ውስጥ የሚሠራ ካርድ ነበረን። "የዚህ ውስጡ ዝግ ነው፤ አይገባም" ብሎ ጻፈ።

"ጋሼ፣ ትንሽ ካርድ እኮ ናት! በዚህ ሁኔታህ ለዚች ትጨነቃለህ?"

"በዚህ ሁኔታዬ ነው የምጨነቀው።"

ከሳሎን እስከ አልጋው ረጅም ኬብል ዘረጋን። እኔን በየቀኑ ያደናቅፈኛል።

የሚናገርበትን ፕሮግራም ራሱ ነው ያሰናዳው። የሌሎች ሰዎችን ነፃ ሥራ ወስዶ፣ ጣቶቹ እየደከሙ፣ በአንዲት ጣት እየነካካ ለራሱ አስተካከለው። ስክሪኑ ላይ የፊደል ገበታ ይወጣል፤ ሀ ሁ ሂ ሃ ሄ ህ ሆ። ብርሃን ከላይ ወደ ታች መስመር በመስመር ይወርዳል። የሚፈልገው መስመር ሲደርስ ይጫናል፤ ከዚያ ብርሃኑ ወደ ጎን ይሄዳል፤ እንደገና ይጫናል። አንድ ፊደል ይጻፋል። ቃሉ ሲያልቅ ማሽኑ በአማርኛ ይናገራል። ድምፁ ቆርቆሮ ነው፤ የሰው ዜማ የለውም። የራሱ ድምፅ ከዚያ ወዲያ አልተመለሰም።

ጣቶቹ ሲሞቱ መጫኛውን ከግራ እግሩ አውራ ጣት ሥር አደረግንለት። ያን ጊዜ ነው አንድ ነገር ያስተዋልነው። በገበታው ላይ "ህመም" ቶሎ ይደረስባታል፤ ሀ ላይ ናት፣ መ ላይ ናት። "ደህና ነኝ" ለማለት ግን ብርሃኑ እስከ ደ መውረድ አለበት፤ ብዙ ያስጠብቃል። የሚዘወተሩትን ፊደላት ወደ ላይ ማምጣት ይቻል ነበር። ፕሮግራሙ ነፃ ነው፣ የሚከለክለን የለም። ግን የሚቀይርበት ጣት አልነበረውም፤ እኔ ደግሞ አልችልበትም። ስለዚህ ቤታችን ውስጥ በብዛት የሚሰማው ቃል "ህመም" ሆነ፤ ትራስ ሲዛነፍም፣ ሲጠማውም፣ ሲሰለቸውም። ህመም፣ ህመም ይላል ማሽኑ፣ ድምፁን ሳይለውጥ፤ እኔ የቱ ህመም እንደሆነ ልፈልግ እነሣለሁ።

በጾም ወቅት፣ አንድ ቅዳሜ ከሰዓት፣ የነፍስ አባታችን መጡ። ወንድሜ ንስሐ መግባት ፈልጎ ነበር። አባ ስክሪኑን ዐይተው ተጨነቁ።

"ልጄ፣ ይሄ ነገር የሚለውን ያስቀምጣል? ሌላ ቦታ ይሰማል?"

ብርሃኑ ወረደ፣ ቆመ፣ እንደገና ወረደ። "አይሰማም" አለ ማሽኑ። ቀጥሎ "ንቀይ" አለኝ። ገባኝ። ኬብሉን ከግድግዳው ነቀልኩት።

"አባ፣ የተናገረውን አያስቀምጥም፤ እንዲያ አድርጎ ነው የሠራው" አልኳቸው። "አሁን ደግሞ ከውጭ ጋር የሚያገናኘው ነገር የለም።"

ግድግዳው ስስ ነው፤ ያ ድምፅ ደግሞ ሹክሹክታ አያውቅም። ካፖርቴን ለብሼ ወጣሁ። ዩኒቨርሲቲ አቬኑ ድረስ ሄጄ ባቡር ፌርማታው ላይ ቆምኩ። ቅዝቃዜው ጥርስ ያንገጫግጫል። ባቡሮች እየመጡ ሄዱ፤ አልተሳፈርኩም። ወንድሜ ምን ኃጢአት ይኖረዋል እያልኩ አሰብኩ። ያሳደገኝን ሰው ያህል የማላውቀው የለም ብዬ ደግሞ አሰብኩ።

ስመለስ አባ ደረጃው ሥር እየጠበቁኝ ነበር። ዓይናቸው ቀልቷል።

"ብዙ ሰው አናዝዣለሁ" አሉኝ። "ፊደል በፊደል የተናዘዘልኝ ግን የለም። በየመሀሉ 'ይቅር' ብሎ መተው ይችል ነበር። አልተወም።"

ከዚያ በኋላ ቀለል ይለዋል ብዬ ነበር። አልቀለለውም። ትንፋሹ አጠረ። ሐኪሟ በጉሮሮው በኩል የሚተነፍስበት መሣሪያ ሊገባለት እንደሚችል ነገረችው፤ እሱ "አይ" አለ። እኔ ለመንኩት። ብርሃኑ ሲወርድ እያየሁ ሐሳቡን ይለውጣል ብዬ ጠበቅሁ። ደግሞ "አይ" አለ።

አንድ ቀን እኩለ ቀን ላይ በሆዱ በኩል በገባው ቱቦ ምግብ እሰጠዋለሁ። በረዶው ከጣሪያው እየቀለጠ ይንጠባጠባል። ብርሃኑ "ሀ"ን አለፈ፣ "መ"ን አለፈ። "ህመም" አይደለም ማለት ነው። "በ"ን፣ "ነ"ን፣ "ደ"ን አለፈ። እግሩ አልተንቀሳቀሰም፤ ያንቀላፋ መሰለኝ። ገበታው ሊያልቅ ሲል ፈ ላይ ተጫነ።

"ፈ... ፈሳሽ? ፈሳሽ ልስጥህ?"

ዓይኑን ወደ ጣሪያው ሰቀለ።

ራ መጣ። ከዚያ ብርሃኑ ተመልሶ ከላይ ጀመረ፤ ወዲያው ተጫነ። ሁ።

"ፈራሁ" አለ ማሽኑ፣ ውሃ እንደሚጠይቅበት በዚያው ድምፅ።

ወንድሜ ፈራሁ ሲል ሰምቼ አላውቅም። አባታችንን ስንቀብር አላለም፤ ሐኪሟ ፊት አላለም። "አይዞህ" ልለው አፌን ከፈትኩ፤ አልወጣልኝም። ምግቡን የምሰጥበትን ሲሪንጅ አስቀምጬ፣ ጫማዬን አውልቄ፣ ጎኑ ተኛሁ። "እኔም" አልኩት። እንዲያ እንደሆንን ምግቡ ቀዘቀዘ።

ያረፈው በፋሲካ ማግስት ነው፣ ጠዋት፣ ፊቱን ላጥብ ውሃ ሳሞቅ። ስመለስ ደረቱ አይንቀሳቀስም። ብርሃኑ ግን ገበታው ላይ ይወርዳል፣ መጨረሻው ይደርሳል፣ ከላይ ይጀምራል። ለሐኪሞቹ ከመደወሌ በፊት የኮምፒዩተሩን መሰኪያ ከግድግዳው ነቀልኩት።

ለቅሶ የመጣው ሰው ቤቱንና ደረጃውን ሞላው። በሦስተኛው ቀን አንዲት እናት አጠገቤ ተቀምጠው እጄን ያዙኝ።

"በመጨረሻ ምን አለ ልጄ? ተናገረ አይደል በዚያ መሣሪያ?"

ሰዉ ወደ እኔ ዞረ። ምርቃት የሚጠብቁ ይመስለኛል፣ ወይም ኑዛዜ።

"ትራስ" አልኩ። "ማታ፣ ትራሱ ዝቅ ብሎበት፣ 'ትራስ' አለ። አስተካከልኩለት።"

አንዳንዱ መሬት መሬት አየ። እሳቸው ግን እጄን አልለቀቁም። "ተመቸው?" አሉኝ።

"ዓይኑን አንዴ ጨፈነ" አልኳቸው። "አዎ ማለቱ ነው።"