የጓዳችን ቀዳዳ

ክረምት ላይ ወልድያ ባለው ቤቴ የዕቃ ማጠቢያው ቱቦ ይሸት ጀመር። የፈላ ውሃና ኮምጣጤ ሳፈስበት የተበላሸ እንቁላል የመሰለው ጠረን ከእንፋሎቱ ጋር ፊቴን መታኝ፤ ንዴቴም አብሮ ተነሳ። ባሌ ከሳሎን፣ "ምን ሆነሽ ነው ድስቱን የምትወረውሪው?" አለኝ። ከየት ጀምሬ ልንገረው?

አባታችን ከሞተ በኋላ እናቴ እህቴንና እኔን ይዛ መርሳ ላይ ሁለት ክፍል ተከራይታ ነበር። ገበያ ሽንኩርት ትሸጣለች። ከሰዓት ፀሐዩ ቆርቆሮውን ሲያግለው፣ ከጓዳው ወለል ካለችው የፍሳሽ ቀዳዳ ሽታ ይነሳል። እናቴ ያልሞከረችው የለም፤ የፈላ ውሃ፣ ጨው፣ የሎሚ ልጣጭ። ለአንድ ቀን ጋብ ይልና ይመለሳል።

"እትዬ፣ ቱቦውን አንዴ ያሳዩልን" ብላ እናቴ ስትለምናት፣ አከራይዋ "እስቲ ቤትሽን እጠቢ" ትላታለች።

እህቴን ለልጃቸው ሊጠይቁ ሽማግሌዎች ከውርጌሳ የመጡ ዕለት ሽታው ከመቼውም ባሰ። እንግዶቹ አፍንጫቸውን በኩታቸው ጫፍ ሸፈኑ። አከራይዋ በራችን ላይ ቆማ፣ "ምን ታደርጉት፤ ጽዳት አልፈጠረባትም" አለች። አንደኛው አዛውንት፣ "አላህ ያግራው" ብለው ተነሱ። ወጡ፤ አልተመለሱም። እህቴ ሻሿን ነክሳ አለቀሰች።

በማግስቱ እናቴ ዶማ ተውሳ ከጓዳው ጀርባ ቆፈረች፤ እኔ አፈሩን አወጣሁ። የአከራይዋ የአዲሱ ሽንት ቤት ቱቦ ከኛው ቀጭን ቱቦ ጋር ተቀጥሎ ተገኘ። ሽታውን የሚያግድ፣ ውሃ የሚያቁር የታጠፈ ቱቦም ከቀዳዳችን ሥር አልነበረም።

እናቴ ጠራቻት። "ይምጡና ይዩ። ይሄ የኔ ቆሻሻ ነው?"

አከራይዋ ጎንበስ ብላ አየች። "ግቢው የኔ ነው። ካልተመቸሽ ልቀቂ" ብላ ገባች። ይቅርታ የሚባል ቃል ከአፏ አልወጣም።

ሲሪንቃ ቤት አግኝተን ዕቃችንን ጋሪ ላይ ከጫንን በኋላ፣ እናቴ ተመልሳ ገብታ ወለሉን ማጠብ ጀመረች። ደሜ ፈላ። ፍሳሹ እንዲገነፍልባት ጨርቅ ጠቅልዬ ቀዳዳው ውስጥ ልወትፍ ስል እጄን ያዘችኝ።

"ቆሻሻዋን ተይላት፣ እማ!"

"እሷ መች እዚህ ትተኛለች?" አለችኝ። "ነገ የሚገባው የሰው ልጅ ነው።"

እየተናደደች አጠበችው።

እህቴ በኋላ ደህና ሰው አግብታለች፤ እናቴ ግን ሰርጓን ሳታይ ሞተች። አከራይዋ ዛሬም አለች። መርሳ ስሄድ በሯ ላይ ተቀምጣ አገኛታለሁ፤ አርጅታለች፤ ማን እንደሆንኩ አታውቅም። እጇን አንስታ፣ "ደህና ነሽ ልጄ?" ትለኛለች። ዝም ብያት አልፋለሁ።

እናቴ ብትኖር ትቆጣኝ ነበር። ምነው ኖራ በተቆጣችኝ።