እንደ ሱረት የተሳበው የአፍንጫ መድኃኒት

ገዳሪፍ ያለው መድኃኒት ቤት ሥራ የገባሁ ዕለት ነጭ ጋዋን ለብሼ፣ ደረት ኪሴ ላይ ሦስት እስክሪብቶ ሰክቼ ነበር። ከሦስቱ የሚጽፈው አንዱ ብቻ ነው። ጎንደር ሳለሁ የክሊኒክ ድሬሰር ነበርሁ፤ ቁስል አጥባለሁ፣ ፋሻ እጠመጥማለሁ፣ መርፌ እወጋለሁ። በደርግ ጊዜ ድንበሩን ተሻግሬ ሱዳን ስገባ ግን የሚያውቀኝ ስለሌለ ማዕረጌን በገዛ ሥልጣኔ ከፍ አደረግሁት።

የመድኃኒት ቤቱ ባለቤት ዱክቶራ ሰልማ የሚባሉ ሱዳናዊት ፋርማሲስት ነበሩ። «ምን ምን ታውቃለህ?» አሉኝ።

«ሁሉንም» አልሁ።

ከላይ እስከ ታች አዩኝና መጥረጊያ ሰጡኝ። የገዳሪፍ አቧራ በመኸር ለጉድ ነው፤ ጧት የጠረግኸው መደርደሪያ ቀትር ላይ ስም ይጻፍበታል። እኔም ስሜን ጽፌበት አውቃለሁ፣ ከፊቱ «ዶክተር» ጨምሬ።

የተቀጠርሁት ለእውቀቴ ተብሎ አልነበረም። ከጎንደርና ከመተማ ለሰሊጥ አጨዳ የሚመጣው ሠራተኛ ዐረብኛ አይሰማም፤ ዱክቶራ ደግሞ አማርኛ አያውቁም። እሳቸው የመድኃኒቱን አወሳሰድ ይናገራሉ፣ እኔ እተረጉማለሁ። ሰዉ «ዶክተር አስማረ» ሲለኝ አንድም ቀን አላረምሁም።

አንድ ቀን አያ ፈንታ መጡ። የአርማጭሆ ሰው ናቸው፤ በአንድ ትልቅ እርሻ ላይ ትራክተር ይነዳሉ። የሆስፒታል ሐኪም የአፍንጫ አለርጂ ነው ብሎ ማዘዣ ጽፎላቸዋል። ማዘዣውን እስኪሰጡኝ ድረስ ስምንት ጊዜ አስነጠሱ። ቆጥሬአለሁ።

«ምን ሆነው ነው፣ አያ ፈንታ?»

«ምን ያልሆንሁት አለ! ብናኙ አፍንጫዬ ከገባ መሪውም መንገዱም አይታየኝ። ባለፈው ሳስነጥስ ትራክተሩን ታስሮ ከቆመው ሰሊጥ ላይ ወሰድሁት። ያ ሁሉ ሰው የለፋበት ሰሊጥ መሬት ረገፈ። የእርሻው ወኪል፣ ከደገምህ ተስሪህህን ነው የምነጥቅህ ብሎኛል።»

ተስሪህ ማለት የመንቀሳቀሻ ፈቃድ ነው። ያለ እሱ ከተማ የተገኘ ስደተኛ ተጭኖ ወደ ካምፕ ይላካል። የአያ ፈንታ ሚስትና ሦስት ልጆች ገዳሪፍ ጭቃ ቤት ተከራይተው ይኖሩ ነበር። ሥራው ከሄደ ተስሪሁ ይሄዳል፤ ተስሪሁ ከሄደ ቤተሰቡ ይበተናል።

የታዘዘላቸው አፍንጫ ውስጥ የሚረጭ፣ ብግነት የሚያበርድ የኮርቲኮስቴሮይድ ጠርሙስ ነው። ዱክቶራ ጠርሙሱን እየነቀነቁ፣ አንገታቸውን ጎንበስ እያደረጉ፣ በጣታቸው ወደ ጆሯቸው እየጠቆሙ ብዙ ተናገሩ። ግማሹን ሰማሁ፤ ግማሹን «ይኼንማ አውቀዋለሁ» ብዬ አለፍሁት። ከዚያ ወደ አያ ፈንታ ዞሬ፣ «እንደ ሱረት ይሳቡት» አልኋቸው።

ዱክቶራ ግራ ገባቸው። «ያን ሁሉ የተናገርሁት ይቺ ብቻ ናት?»

«አማርኛ አጭር ቋንቋ ነው» አልሁ። ዓይኔን በጨው አጥቤ!

አያ ፈንታ ሱረት ሳቢ ናቸውና ፊታቸው በራ። «ይኼንማ ማን ያስተምረኛል!» ብለው ወጡ።

በዘጠነኛው ቀን ተመለሱ። አፍንጫቸውን በጨርቅ ይዘዋል፤ ጨርቁ ላይ ደም አለ። «አንተ ዶክተር፣ ልትገለኝ ነው እንዴ?» አሉ ገና ከበሩ። «ማስነጠሱም አልተወኝ፣ ደሙ ተጨመረ። ወኪሉ ተስሪሁን ዛሬ ነገ እነጥቅሃለሁ እያለኝ ነው።»

ዱክቶራ ደሙን አይተው፣ «እንዴት ይወስዱት እንደነበር ያሳዩን በላቸው» አሉኝ።

አያ ፈንታ ጠርሙሱን ከኪሳቸው አወጡ። ራሳቸውን ወደ ኋላ ቀለሱ፣ ጫፉን ሽቅብ የአፍንጫቸው መሐለኛ ግድግዳ ላይ ተከሉት፣ ከዚያ ባላቸው ትንፋሽ ሁሉ ማጉት። ከጠርሙሱ የወጣ ነገር የለም።

«አልቋል?» አልሁ። «የአንድ ወር እኮ ነው!»

«ታዲያ ብቻዬን ልስበው ኖሯል? ሱረት ያወጣ ሰው አጠገቡ ያለውን እንካ ሳይል ይስባል? ነውር አይደለም? ከአጫጁ እስከ ውኃ ቀጂው ሁሉም ስቦታል። እኔም ሲያሰኘኝ እስባለሁ፣ ካላሰኘኝ እተወዋለሁ። እንደ ሱረት አላልኸኝም?»

ብያለሁ። ዱክቶራ «ምን አሉ?» ሲሉ ተረጎምሁላቸው። ያን ቀን አላሳጠርሁም።

ይጮሁብኛል ብዬ ስጠብቅ ባዶውን ጠርሙስ ከአያ ፈንታ እጅ ወሰዱ። «ኸላስ፣ በቃ» አሉ። «አሁን አንድ ቃል ሳትጥል ትናገራለህ።»

እሳቸው አንድ ዐረፍተ ነገር ሲሉ እኔም አንድ እላለሁ። ደሙ ስላለ መድኃኒቱን ያቁሙ፤ ሐኪሙ አፍንጫዎን አይቶ ይጀምሩ ሲል ብቻ በአዲስ ጠርሙስ ይጀምራሉ። መጀመሪያ በቀስታ ይናፈጡ። ጠርሙሱን ይነቅንቁ፤ አዲስ ከሆነ እንደ ጉም እስኪወጣ አየር ላይ ይርጩት። አንገትዎን ወደ ፊት ትንሽ ዝቅ ያድርጉ። ለግራ አፍንጫ በቀኝ እጅ፣ ለቀኙ በግራ እጅ፤ ጫፉ ወደ ጆሮ በኩል ይዙር፣ መሐለኛውን ግድግዳ አይንካ። እየረጩ በዝግታ ወደ ውስጥ ይተንፍሱ እንጂ አይማጉት፤ ጉሮሮ ከወረደ ጥቅም የለውም። ሐኪሙ ባዘዘው ልክ በየቀኑ ነው፣ አስነጠሰም አላስነጠሰም። ቶሎ አልሠራም ብለው አይጨምሩ፤ እስኪሠራ እስከ ሁለት ሳምንት ሊፈጅ ይችላል። ለሌላ ሰው አይሰጥም።

አያ ፈንታ ይቺን የመጨረሻዋን ሲሰሙ ተከፉ። «እንካ አለማለት ይከብዳል» አሉ።

«አስማረ ከለከለኝ ይበሏቸው» አልሁ።

ዱክቶራ ግን አልጨረሱም። «ወኪሉ ጋ አንተ ትሄዳለህ። ዘጠኙ ቀን የባከነው በአንተ ጥፋት ነው።»

በማግስቱ በሎሪ ተጭኜ እርሻው ሄድሁ። ሠራተኛው ከቦ ቆሟል። «ጥፋቱ የእኔ ነው» አልሁት ወኪሉን። «መድኃኒቱን በደንብ አላስረዳኋቸውም። ሦስት ሳምንት ይስጧቸው።»

«አንተ ማነህ?» አለኝ።

አፌ ለለመደው ስም ተከፈተና ተዘጋ። «ተርጓሚ ነኝ» አልሁ።

ወኪሉ ሳቀብኝ። አያ ፈንታን ከብናኙ ርቀው ውኃ በርሜሉ ጋ እንዲቆዩ አደረገ፤ ትራክተሩን ለሌላ ሰጠ። «በሦስተኛው ሳምንት ካስነጠሰ ካምፕ የምታደርሰው አንተው ነህ» አለኝ። ስወጣ ውኃ ቀጂው ጠጋ ብሎ፣ «ዶክተር፣ ከዚያች ነገር ሌላ የለህም? አፍንጫ ታቀዘቅዛለች» አለኝ።

ሐኪሙ አፍንጫቸውን አየና የተላጠው እስኪድን ስድስት ቀን ያለ መድኃኒት አሳረፋቸው፤ ከዚያ ጀመሩ። እኔ ያን ሰሞን እንቅልፍ የለኝም። የአያ ፈንታ ልጆች ቤት በመንገዴ ላይ ነው፤ ዞሬ በሌላ መንገድ እሄድ ነበር።

ሦስተኛው ሳምንት ባለቀ ማግስት አንድ ትራክተር መድኃኒት ቤቱ በር ላይ ቆመ፣ ሞተሩም አልጠፋም። አቧራው ውስጥ ድረስ ገባ። እኔ ሦስት ጊዜ አስነጠስሁ። መሪው ላይ ያሉት አያ ፈንታ አንድም ጊዜ አላስነጠሱም።

«ይማርህ!» አሉና ወረዱ። እጃቸውን ስሜ ላለቅስ ትንሽ ቀረኝ። እሳቸው ግን ጠርሙሳቸውን አውጥተው ከፊቴ ያዙ። «ሳትከፍት አሳየኝ እስቲ አያያዙን። ነገ ለሌላው ምን እንደምትለው ልወቅ።»

ያዝሁት። «አንገትህን ዝቅ!» አሉ። ዝቅ አደረግሁ። «ወደ ጆሮ!» ወደ ጆሮ አዞርሁት። ዱክቶራ ከኋላ ሆነው ያያሉ።

ከዚያ በኋላ ብዙ ዓመት መድኃኒት ሰጥቻለሁ። ወሳጁ አወሳሰዱን በገዛ እጁ ሳያሳየኝ ጠርሙስ አስረክቤ አላውቅም።