በአባቴ ስሌት ሁለት ሰዓት

አባቴ ጡረታ እስኪወጣ ድረስ ድሬዳዋ የባቡር ሠራተኛ ነበር። ለእሱ ሩቅ አገር ማለት በመንገድ አድሮ የሚደረስበት ነው። እኔ ባሕር ዳር ሥራ ይዤ፣ አግብቼ ዓባይ ማዶ ስቀር በስልክ መጀመሪያ የጠየቀኝ ይህንኑ ነበር።

«ከዚህ አዲስ አበባ በአውሮፕላን ስንት ይፈጃል?»

«አንድ ሰዓት ገደማ።»

«ከዚያስ አንቺ ጋ?»

«እሱም ያው አንድ ሰዓት ቢሆን ነው።»

«በቃ ሁለት ሰዓት ነዋ፣ አቦ። ምኑ ነው የራቅሽው?»

አዲስ አበባ ላይ ሁለተኛው አውሮፕላን ሲጠበቅ ቀኑ እንደሚያልቅ ብነግረውም ከሂሳብ አላስገባውም። ከዚያ በኋላ ናፈቅኸኝ ባልሁት ቁጥር «ሁለት ሰዓት ነው» ይለኝ ነበር።

ባለፈው ዓመት ራሱ መጣ። አንድ ካርቶን ማንጎ ታቅፎ ከኤርፖርቱ በር ሲወጣ ሮጬ አንገቱ ላይ ተጠመጠምሁ።

«ስጠብቅህ ዋልሁ» አልሁት።

«ዋልሁ?» አለና ፊቴን አየው። «እኛ ቤት ዋልኩ ነበር የምትይው።»

አብረን ሳቅን። አፌ መቼ የሐይቁን አገር አነጋገር እንደያዘ እኔም አላወቅሁም።

እሑድ በጀልባ ወደ ዘጌ ወሰድሁት። ብዙ ከሄድን በኋላ ዞር ብሎ ከተማውን አየ፤ ቀጥሎ ፊት ለፊት ያለውን ጫካ አየ።

«ከአዲስ አበባ የበረርኩትና ይኼ እኩል ሰዓት ነው?»

«እኩል ነው፣ አባዬ።»

«እዚህ የተነሳንበትም የምንሄድበትም ይታየኛል። እዚያ ላይ ግን ደመና ብቻ ነው። ፈርቼ ነበር፣ ልጄ። ደግሞ መመለሱም አለ።»

አባቴ ፈራሁ ሲል ሰምቼው አላውቅም ነበር። እጁን ያዝሁት፤ ዘጌ እስክንደርስ አለቀቅሁትም።

የሚመለስ ዕለት የፍተሻው በር ላይ ተለያየን። አውሮፕላኑ ሐይቁን ዞሮ ከዓይኔ እስኪጠፋ ውጭ ቆምሁ። ከዚያም ወደ ቤት መግባት አስጠላኝና በሐይቁ ዳር በእግሬ አዘገምሁ። ገና ወደ ቤቴ የሚወስደውን የዓባይ ድልድይ ሳልሻገር ስልኬ ጠራ።

«አዲስ አበባ ገባሁ» አለኝ። «አንቺስ ቤት ገባሽ?»

«አልገባሁም።»

«ሩቅ ነው ለካ» አለኝ ቀስ ብሎ።

ዘንድሮ ልቡን አሞት ሐኪሙ እንዳይበር ከልክሎታል። እኔ ፈቃድ ሳገኝ እሄዳለሁ፤ ገና ሻንጣዬን ሳልፈታ መመለሻዬ ይደርሳል። በሌላው ጊዜ ከሥራ ስወጣ ሐይቁ ዳር ቁጭ ብዬ እደውልለታለሁ። ውኃው ምን እንደሚመስል ይጠይቀኛል፤ ነፋሱን፣ ወደ ዘጌ የሚሄዱትን ጀልባዎች እነግረዋለሁ። ወሬው ያልቃል። ስልኩን ግን ማናችንም ቀድመን አንዘጋም።