ለሌንጮ የተገዛው ሞኒተር

ገመቺስ ሰበታ ውስጥ አንድ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ በፈረቃ ይሠራል። የሚኖረው አዴ ጠጅቱ ግቢ አንዲት ክፍል ተከራይቶ ነው፣ ብቻውን። ሚስት የለው፣ እናቱም ካረፉ ቆይተዋል። ጓደኛ ብሎ የሚጠራው ሌንጮን ብቻ ነው። ልጅ እያሉ ሁለቱ ጌም ቤት ያልዋሉበት ቅዳሜ አልነበረም። ሌንጮ አግብቶ ሱሉልታ ከገባ ወዲህ ግን ወደዚህ ለመምጣት አዲስ አበባን ከጫፍ ጫፍ ማቋረጥ ሆነና ሰውየው ድምፁ ጠፋ።

ባለፈው ፋሲካ ሰሞን አንዴ ብቅ ብሎ ነበር። ገመቺስ ከላፕቶፑ ጋር በሰካው አሮጌ ሞኒተር የኳስ ጌም ጀምረው፣ አንዱን ጨዋታ ሳይጨርሱ ሌንጮ ተነሣ። «ስክሪንህ ይንቀራፈፋል ባክህ፣ ዓይኔን አመመኝ» አለና ሄደ። ሌላ ሰው ቢሆን «ሰበብ ነው» ብሎ ይተወው ነበር። የእኛ ገመቺስ ግን የነገሩትን እንዳለ የሚያምን ሰው ነው።

ስለዚህ በአሮጌው ልክ ሌላ ሞኒተር ገዛ፤ ምስሉን በሰከንድ መቶ አርባ አራት ጊዜ የሚያድስ። ሰካው። ስልሳ ላይ ቆሞ ንቅንቅ አልል አለ። ሻጩን ረገመ፣ መብራቱን ረገመ። ዩቲዩብ ላይ ሲፈልግ ነው ጉዱ የወጣው፤ በላፕቶፑና በሞኒተሩ መሀል የሰካት ርካሽ ማገናኛ ከስልሳ በላይ አታሳልፍም። ከላፕቶፑ ታይፕ ሲ ቀጥታ ወደ ሞኒተሩ ዲስፕሌይ ፖርት የሚገባ ገመድ ፈልጎ አመጣ። አሁንም ስልሳ! ለካ ሴቲንግ ውስጥ ገብቶ ቁጥሩን ራሱ መምረጥ ነበረበት። መረጠ። የማውሱ ቀስት ዘይት ላይ እንዳለች ተንሸራተተች። በደስታ ዞር ሲል «አየህ?» የሚለው ሰው ክፍሉ ውስጥ አልነበረም። ያን ጊዜ ብቸኝነቱ ከበደው።

አዲስ ዕቃ የገዛ ሰው ማስመረቁ አይቀርም። ፋብሪካው ውስጥ ጫማ እንኳ ቀይረህ ብትገባ «አስመርቅ!» ብለው ለስላሳ ሳያስገዙህ አይለቁህም። ገመቺስ ግን ለማንም ትንፍሽ አላለም። አዴ ጠጅቱ ካርቶኑን አይተው «ምን ገዛህ ልጄ፣ እኛስ አናይም እንዴ?» ሲሉት «ሌላ ቀን ያዩታል አዴ» ብሎ በሩን ዘጋ። ምርቃቱን ያስቀመጠው ለሌንጮ ነበር።

ከብዙ ልመና በኋላ አንድ እሁድ ሌንጮ መጣ። «አካም ጅርታ፣ ያ ገመቺስ!» ብሎ አቀፈው። ጥብስ ቀረበ፣ ቢራ ተከፈተ፣ ጨዋታው ተጀመረ። ኳሷ ምንም ሳትንቀራፈፍ ትሄዳለች። ገመቺስ የሌንጮን ፊት ያያል፣ ሌንጮ ስልኩን ያያል። ትንሽ ቆይቶም «መንገዱን ታውቀዋለህ፣ ልሂድ በቃ» አለ።

ገመቺስ ሊሸኘው እስከ ታክሲው ወጣ። ሌንጮ ሚኒባሱ ውስጥ ገብቶ ሲቀመጥ ግን አላስቻለውም።

«ስክሪኑን እንዴት አየኸው?»

«የቱን ስክሪን?»

«የተጫወትንበትን ነዋ።»

«ያው የድሮው አይደል እንዴ? ምን ሆነ?»

ስክሪኑ ድሮም ጥፋት እንዳልነበረበት ለገመቺስ የገባው ገና አሁን ነው።

«ምንም። አዎ፣ ያው ነው» አለው፤ ረዳቱም በሩን ዘጋው።